ድምፅ አልባው ፍሪጅ

በሥራ ቦታዬ «ጭጭ» ነው የሚሉኝ። ስሙ የወጣልኝ እናቴ ከመሞቷ በፊት ስለሆነ ማንም በሐዘኔ ቀለደ አይባልም። የጋዝ ጠቋሚ በምትሠራ አንዲት ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ የመጨረሻውን ፍተሻ የማደርገው እኔ ነኝ። ጠቋሚ ማለት ወጥ ቤት ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ጋዝ ሲያፈተልክ የምትጮህ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ነጭ ሳጥን ናት። ውስጧ ያለችው ሴንሰር ጋዝ ሲነካት ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፤ ኤሌክትሪኩ የተወሰነለትን ደፍ ካለፈ አላርሙ ይጮሃል፣ ካላለፈ ዝም ይላል። የእኔ ሥራ ከጋዙ በቀር ከሌላ ዕቃ ሾልኮ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ኮሽታ ሁሉ ማጥፋት ነው፤ የሞተሩን፣ የአምፖሉን፣ የጎረቤቱን ስልክ። ስክሪኔ ላይ ያለው መስመር እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ካላለ ሳጥኗ ከእጄ አትወጣም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔ የምተዳደረው በዚህ ተረት ነው።

ሌላም ነገር አለብኝ። ቀኑን ሙሉ የመፈተሻ ጋዝ ስለምለቅ ካፖርቴም ፀጉሬም ቦርሳዬም ጋዝ ጋዝ ይሸታል ይላሉ። «ይላሉ» የምለው እኔን ስለማይሸተኝ ነው። አፍንጫዬና ጋዝ እንደ አሮጌ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ቀና ብሎ አያይም። የወንድሜ ልጆች በር ላይ ሲያዩኝ «ጋዝ ፈሰሰ! አክስት መጣች!» እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ቢያንስ ፊቴ ይስቃል።

እናቴ ስትሞት አላለቀስኩም። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች አንዲት ሴትዮ ፊቴን አየችና «ይቺ ልጅ ደንግጣ ነው፤ ቆይቶ ይወጣላታል» አለች። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሊገባ ነው፤ አልወጣልኝም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ድድ እንዴት ነው? እንደዚያ ነኝ። የራሴ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስነካው ግን የሰው ነው።

እናቴ ደግሞ ጸጥታ የሚባል ነገር የማታውቅ ሴት ነበረች። ድስት ስትከድን ይሰማል፣ መሳቢያ ስትዘጋ ይሰማል፣ ብቻዋን ስትሆን ከሽንኩርቱ ጋር ታወራለች። ክዳን ከእጇ በወደቀ ቁጥር አባባ ከሳሎን ሆኖ «ኧረ ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ!» ይላል። እሷም «ሰው ያለበት ቤት ነው!» ብላ ትመልሳለች። እዚያ ቤት ያደግነው በዚህ ንግግር ነው፤ ሌሎች ልጆች በሰዓት ደወል እንደሚያድጉት።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ፋብሪካ ሠርቶ፣ አፍንጫውን እዚያው ትቶ ነው ጡረታ የወጣው። የተበላሸ ወተት ከደህናው የምትለይለት፣ ምድጃ ላይ የረሳውን የምታስታውሰው እናቴ ነበረች። «አፍንጫዬ ወጥ ቤት ናት» ይል ነበር። ምግብ ባበሰለች ቁጥር የሲሊንደሩን ቁልፍ አጥብቃ የምትዘጋውም እሷ ናት። አባባ ያን ልማድ አልወረሰውም። ቁልፉ እንደተከፈተ ውሎ እንደተከፈተ ያድራል።

ስለዚህ ወንድሜ አባባን ወደ ቤቱ ሊወስደው ፈለገ። ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው፤ ልቡ ደግ፣ ትዕግሥቱ አጭር። «ሽታ የማያውቅ ሽማግሌ ከጋዝ ጋር ብቻውን ይተዋል እንዴ?» አለ። አባባ ደግሞ «ከዚህ ቤት የምወጣው እናታችሁ በወጣችበት መንገድ ነው» አለ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩ። እኔም በእጄ ከፈተሽኳቸው አንዷን ጠቋሚ አምጥቼ፣ ጋዝ ከባድ ስለሆነና መሬት መሬቱን ስለሚተኛ፣ ከፍሪጁ ጎን ዝቅ ያለው ሶኬት ላይ ሰካኋት። ስምምነታችን ይኸው ነበር፤ ሳጥኗ እስካለችና እኔ ዋስ እስከሆንኩ ድረስ አባባ ከቤቱ አይነቀነቅም።

«ዋስ ነሽ?» አለኝ ጋሼ።

«ዋስ ነኝ» አልኩ። ስለ ሥራዬ ስናገር አፌ አይያዝም።

ሳጥኗ ግን ብዙም ሳትቆይ አመል አወጣች። አልፎ አልፎ፣ ከመሬት ተነስታ፣ አንዴ ብቻ «ጢጥ» ትላለች። ከዚያ ዝም። አባባ ግድ አልሰጠውም፤ «አስነጠሳት» ብሎ አለፈው። ጋሼን ግን አላስቀመጠውም። «በውሸት የሚጮህ ዘበኛ ሌባ ሲመጣ ማን ይሰማዋል?» አለ። እውነቱን ነው። መስመር የሚያሳየውን መሣሪያዬን ተሸክሜ ሄድኩና ሳጥኗ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፍሪጁ እናቴ የገዛችው ነው፤ ሲነሳ እንደ አሮጌ አውቶብስ ግድግዳውን ያርገፈግፈዋል። በተነሳ ቁጥር ስክሪኔ ላይ ያለው መስመር ተንቀጠቀጠ። ጢጥ ስትልም ሁልጊዜ በዚያው ቅጽበት ነው። በሙያዬ ከዚህ የቀለለ ምርመራ ገጥሞኝ አያውቅም። «ፍሪጁ ነው የሚረብሻት» ብዬ ፈረድኩ። ደፉን የምታስተካክለዋን ብሎን በትንሹ አዙሬ ከፍ አደረግኩት። ጢጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

በዚያው ቀን የወንድሜ ሚስት ለአባባ ምሳ ይዛ መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ጋዝ ጋዝ ይለኛል» አለች። ከዚያ ወለሉ ላይ የተቀመጥኩትን አየችኝና ሳቀች። «ለካ አንቺ ነሽ!»

«ማን ሊሆን ኖሯል?» አልኳት ካፖርቴን እያራገፍኩ።

ጋሼ አዲስ ፍሪጅ ገዛ። ሻጩ «መኖሩን ትረሱታላችሁ» ያለለት፣ ጆሮ ቢለጥፉበት እንኳ የማይሰማ። አሮጌውን አባባ አላስሸጥም ስላለ ላስቲክ ለብሶ የጓሮ በረንዳ ላይ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳጥኗ ትንፍሽ አላለችም። ጋሼ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ ልበል፤ ከሚሰማኝ ነገር ሁሉ ለደስታ የምትቀርበው እሷ ነበረች። አባባ ብቻ «ቤቱ ጭር አለብኝ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ማለት ጀመረ። ሬዲዮኑን ጣቢያና ጣቢያ መሃል ላይ አቁሞ፣ ሹሹታውን እየሰማ እንደሚያሸልብ ነገረኝ። የእንቅልፍ ኪኒን እንጠይቅልህ አልነው።

በዚህ መሃል ነው ፋብሪካችን አዲስ መሐንዲስ የቀጠረው። በዕድሜ ያንሰኛል፤ «እትዬ» ይለኛል። ብዙ ሳይቆይ «ረብሻ» የሚል ስም ወጣለት፤ ምክንያቱም እኔ ቀኑን ሙሉ የማጠፋውን ኮሽታ እሱ በገዛ እጁ መልሶ ይጨምረው ነበር። ትርጉም የሌለው ሹሹታ የምትለቅ ሰሌዳ ሠርቶ ከሴንሰሯ ጋር አገናኛትና «በዚህ የተሻለ ታሸታለች» ሲል ሠራተኛው በሳቅ ወደቀ። ጭጭንና ረብሻን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው አለቃችን ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

«ደንቆሮን በጫጫታ ነው የምታክመው?» አልኩት።

«ጨርሶ የደነቆረውን አይደለም እትዬ። ለመስማት ትንሽ የቀረውን ነው።»

ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በምንፈትሽበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ትንሽ ጋዝ ለቀቀ። በጣም ትንሽ። መስመሩ ከደፉ በታች ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አላርሙ ዝም አለ። ከዚያ ሹሹታውን ከፈተው። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ ቆየት ብሎም «ጢጥ» አለ። ድምፁን አወቅኩት።

«ይኸው፣ ዋሸ» አልኩ። «አንተ ወዘወዝከው፣ እሱ ጮኸ። የአባቴ ፍሪጅም ይህንኑ ነበር የሚሠራው። አስወጥተነው ተገላገልን።»

ረብሻ አልተቆጣም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «በዚህ ዝናብ ግቢው ሞልቶ፣ ውሃው ልክ ከበሩ ደፍ ሥር ቢቆም፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያውቃል?»

«ከየት አውቆ?»

«በውጭ መኪና ቢያልፍስ? ውሃው ይናወጣል፤ ጥቂቱ ደፉን አልፎ ይረጫል። ሰውየው ምንጣፉ ርሶ ሲያይ ውጭ ውሃ መኖሩን ያውቃል። እንግዲህ ውሃውን መኪናው ነው ያመጣው?»

«አይደለም፤ ግን...»

«ግን ካሉ ያለ ውሃ እንሞክረዋ።»

ንጹሕ አየር ነፍቶ ጋዙን አስወጣ። ሹሹታውን አልነካውም። መስመሩ እንደ ቅድሙ መንቀጥቀጡን ቀጠለ፣ እኛም ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጢጥ የለም። ሻይ መጣልን፣ ጠጣን። ጢጥ የለም። ዝናቡ አባርቶ እንደገና ጀመረ። ጢጥ የለም። «ሹሹታው ብቻውን ደፉን አያልፍም» አለ ረብሻ፤ «እንዲያልፍ ከሥሩ አንድ ነገር መኖር አለበት። ከልኩ ከበዛ ደግሞ ሁሉንም ያደነቁረዋል። ሥራው ልኩን ማግኘት ነው።»

የመጨረሻውን በደንብ አልሰማሁትም። የአባባን ወጥ ቤት እያየሁ ነበር። ያቺን ሳጥን ከመስጠቴ በፊት ከዚያ ፍሪጅ እጥፍ በሚያስገመግም ሞተር አጠገብ ፈትሻት ነበር፤ አልጮኸችም። የራሴን ፍተሻ ረስቼ ነው ፍሪጁ ላይ የፈረድኩት። ፍሪጁ ዋሽቶ አያውቅም። ከሥሩ አንድ ነገር ነበረ። እኔ ደግሞ ደፉን ከፍ አድርጌ፣ የሚያናውጠውን ከቤት አስወጥቼ፣ ዋስ ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ?

ደወልኩ።

«አባባ፣ የት ነህ?»

«የት እሄዳለሁ? ወጥ ቤት ነኛ። ሻይ አማረኝና ክብሪት እየፈለግኩ ነው። የት እንዳስቀመጥኩት...»

«ክብሪት እንዳትጭር! መስኮቱ ክፍት ነው?»

«በዚህ ዝናብ? ዘግቼዋለሁ።»

«ስማኝ። ምንም ሳትነካ ውጣ። መብራት አታብራ፣ አታጥፋ። ጋዝ አለ።»

«ኧረ የለም» አለ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ሳጥንሽ ትንፍሽ አላለችም። አጠገቧ እኮ ነው የቆምኩት። አንቺ የፈተሽሻት አይደለች እንዴ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እምነት የጣለብኝ የለም፤ ሊገድለውም ነበር።

«ሳጥኗ ተሳስታለች! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ውጣ አልኩህ፣ አባባ፣ ውጣ!»

የፋብሪካው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ዞረ። ጭጭ ስትጮህ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። አባባ በስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«እንዲህ ስትጮኺ እናትሽን መሰልሽኝ» አለ። «እሺ፤ ጃንጥላዬን ልያዝ።»

ለጋሼ ደውዬ ካፖርቴን እንደለበስኩ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ፍርሃት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት። አልመጣም። የመስታወቱ መጥረጊያ ሲሄድና ሲመለስ አየሁ። ሹፌሩ ስለ መንገዱ መበላሸት የሚያወራውን ሁሉ «እውነትህን ነው» እያልኩ ተቀበልኩ። አባቴ በዚህ ሰዓት ሞቶ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ አረፍተ ነገሩ ስለ ሌላ ሰው አባት እንደተጻፈ ሆኖ አለፈ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ካለ አላውቅም፤ እሱንም የማውቀው በአእምሮዬ ብቻ ነው።

አባባ ከግቢው በር ውጭ ጃንጥላውን ዘርግቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤት እንደሚጠብቅ ሰው ተረጋግቷል።

«ክብሪቱ ለካ ኪሴ ውስጥ ኖሯል» አለኝ፤ ሳጥኑን አውጥቶ እያሳየኝ።

እጄን ዘረጋሁና ተቀበልኩት።

ገብቼ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋሁ፤ በሩንና መስኮቱን በረገድኩ። ምንም አልሸተተኝም። ለእኔ የተጠረገ፣ ትንሽ እርጥበት ያለው ንጹሕ ወጥ ቤት ነው። ሳጥኗ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ ሰላም ነው ትላለች። ሁለታችንም እኩል ደንቁረን ተያየን።

ወዲያው ጋሼና ሚስቱ ደረሱ። እሷ በሩ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ያዘችና «ጋዝ ይሸታል» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «እ፣ ለካ አንቺ ቀድመሽ መጥተሻል» ብላ እጇን አወረደች። ጋሼም ትከሻው ሲላላ አየሁት። ሁላችንም ይህን መልስ ለምደነዋል።

ካፖርቴን አወለቅኩና በበረንዳው በኩል ዝናቡ ውስጥ ወረወርኩት። ሻሌን አስከተልኩ። ቦርሳዬንም ጣልኩት። በስስ ሸሚዝ ራቅ ብዬ ግቢው ውስጥ ቆምኩና «አሁን ግቢና አሽትቺ» አልኳት።

ገባች። ቆየች። «አሁንም ይሸታል» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል። ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ተንበረከከች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወለሉን ተከትላ እስከ ምድጃው ጥግ ሄደች። «እዚህ ጋ ነው» አለች። «ከኋላው።»

ጋሼ ምድጃውን ሳበው። የጋዙ ጎማ በምድጃው ስለታም ጠርዝና በግድግዳው መሃል ተጣብቆ ተጨምድዷል፤ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል። ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ሳሙና በጥብጬ ቀባሁትና ቁልፉን ለአፍታ ከፈትኩ። አረፋዎቹ ቀስ እያሉ ማበጥ ጀመሩ። መልሼ ዘጋሁት።

«ማን ነው እንዲህ የገፋው?» አለ ጋሼ።

ከጠየቀ በኋላ ራሱም አስታወሰ። ለቅሶ ለሚደርሰው ሰው ቦታ ለማስፋት እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን ምድጃውን ግድግዳው ድረስ የገፋነው እኛ ነን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያፈተልክ ነበር። አሮጌው ፍሪጅ በሆነለት መጠን ሲነግረን ከርሟል፤ እኛ ወደ በረንዳ አወጣነው።

አባባ ጃንጥላውን አጥፎ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም ሳይነግረው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ጋሼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሻንጣ አወረደ። ጥሩ ልብስ፣ የሌሊት ልብስ፣ የአባባን መነጽር አንድ ላይ አደረገ። ወንድሜ ክፉ አይደለም፤ መነጽሩ እንዳይሰበር በሸሚዝ ጠቀለለው። ከዚያ መሃል ላይ ቆም አለና «እስቲ አንቺው ተናገሪ» አለኝ። «ጎማው ይቀየር፣ ሳጥኗም ትስተካከል። ዋስ ትሆኛለሽ?»

አባባ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። በሥራዬ አፌ ተይዞ አያውቅም ብያለሁ፤ ያኔ ተያዘ።

«አልሆንም» አልኩ። «ለሳጥን ዋስ አልሆንም።»

አባባ ዓይኑን ወደ እጆቹ መለሰ። ጋሼ ሻንጣውን መዝጋት ጀመረ። ዚፑ አንድ ቦታ ላይ እምቢ አለውና ሲታገለው ሁላችንም አየነው።

«እኔ እዚህ እገባለሁ» አልኩ። «ከአባባ ጋር እኖራለሁ።»

«አንቺ?» አለች የወንድሜ ሚስት፤ በዚያ ሁሉ መሃል ሳቋ አመለጣት። «እሱ አፍንጫ የለው፣ አንቺ አፍንጫ የለሽ! ሁለት አፍንጫ አልባ አንድ ቤት?»

«ቁልፉን እዘጋለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ። አሮጌው ፍሪጅ ሳጥኗ አጠገብ ይመለሳል። አንቺ ደግሞ ምሳ ይዘሽ ስትመጪ ታሸቺልናለሽ፤ ጋዝ ይሸታል ካልሽ ከእንግዲህ የሚስቅ የለም።»

«አዲሱ ፍሪጅስ?» አለ ጋሼ። «ያን ያህል ገንዘብ ያወጣሁት በረንዳ ላይ ላስቲክ ላለብሰው ነው?»

«እኔ ቤት ነዋ!» አለች ሚስቱ፣ ጥያቄው ገና ከአፉ ሳይወጣ። ያኔ ጋሼም ትንሽ ፈገግ አለ።

አባባ ግን አልሳቀም። ብዙ አሰበ። «አንቺ ድምፅ የለሽም» አለኝ በመጨረሻ። «ከመጣሽም መግባትሽን አላውቅ፣ መውጣትሽን አላውቅ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ውሸት ነው። እኔ በዝምታ ነቅዣለሁ። እሷ ከሄደች ወዲህ የቀረኝ ያ ፍሪጅ ነበር፤ እሱንም ወሰዳችሁብኝ። ምን ሰምቼ ልተኛ? ሬዲዮኑን ሹ ሳደርገው አንዳንዴ ከውስጡ ስትጠራኝ የሰማሁ ይመስለኛል።» አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ድምፅ ይዘሽ የምትመጪ ከሆነ ነይ። ድምፅ ከሌለሽ ከወንድምሽ ጋር እሄዳለሁ፤ እዚያ ልጆች አሉ።»

ከአባቴ ይህን ያህል ንግግር በአንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። ሊሰማኝ የሚገባው ሐዘን ከፊቴ መቆሙን አየሁ። እኔ ጋ ግን አልደረሰም። «እሞክራለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ ዕቃዬን ይዤ ገባሁ። ጎማው ተቀይሯል፤ ምድጃው ከግድግዳው ራቅ ብሏል። ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኳት። አሮጌው ፍሪጅ ጥጉን ይዞ ሲነሳ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ፤ ሳጥኗ ግን ዝም አለች። እስኪመሽ ደጋግሞ ተነሳ፣ እሷም ደጋግማ ዝም አለች። ያን ዝምታዋን አመንኳት።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ገባሁ። አባባ ሳሎን ተቀምጧል። እኔ ውሃ ስጥድ አይሰማም፣ ማንኪያ ሳነሳ አይሰማም፣ መሳቢያ ስዘጋ በጣቴ ተቀብዬ ነው። የስንት ዓመት ሙያ በአንድ ሌሊት አይተውም። ከሳሎን የሹሹታ ድምፅ መጣ። ሬዲዮኑን ከፍቶታል።

ሻዩ ሲፈላ ቁልፉን ዘጋሁ። ከዚያ የእናቴን ትልቁን ድስት ከመደርደሪያው አወረድኩና ክዳኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ ወይም አስቤ ነበር። ለቀቅኩት።

ሲሚንቶው ላይ ወድቆ፣ ተሽከርክሮ፣ ተንከባሎ ፍሪጁን መታ፤ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ቆመ።

«ኧረ ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ!» አለ አባባ ከሳሎን።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ሁለታችንም ለማን እንደተባለ ገባን። ሬዲዮኑ ተዘጋ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ፍሪጁ ብቻ ሆነ። አባባ እየጠበቀ ነበር፤ እንደሚጠብቅ በግድግዳው በኩል አውቅ ነበር።

«ሰው ያለበት...» አልኩ። ቀሪውን ልለው ስል ጉሮሮዬ አንድ ጊዜ ጢጥ የሚያህል ድምፅ አወጣ፤ የእኔ መሆኑን አላወቅኩትም። ምድጃውን ያዝኩ። እናቴ ሞታለች። እናቴ ሞታለች፤ እኔም ያኔ ነው የሰማሁት።

«ምን አልሽ?» አለ አባባ፤ ድምፁ የሱም አልነበረም።

«ሰው ያለበት ቤት ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ እያለቀስኩ።